ምራቂ የሌለው ገበያ

እማዬ ሲያትል የገባችው በሐምሌ ነው። ከአዲስ አበባ ስትነሳ ዝናቡ ቦሌን እያጠበ ነበር። “እዚያማ ይብሳል” ያሏትን አምና ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ ጋቢና አንድ የጎማ ቦት ጫማ ይዛ መጣች። ሲያትል እርግጥ በዝናብ ስሟ የጠፋ ከተማ ናት፤ በሐምሌ ግን ጠብታ ማየት ብርቅ ነው። እማዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥታ ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብላ አየችና፣ “ዝናባችሁንም ወደ እኛ ልካችሁ ነው?” አለችኝ።

የመጣችው ለሁለት ወር ነው። እኔ ደግሞ ያለኝ ሁለት ሥራ ነው፤ የሁለቱም ደመወዝ ተደምሮ የቤት ኪራዩን ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው እናትን ምግብ ቤት የሚያስገባ ሳይሆን በመስኮት አሳይቶ የሚያስመልስ ነው። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና “በነፃ የሚታዩ” የሚል ርእስ ሰጥቼ ዝርዝር ጻፍኩ። ባሕር ዳርቻ፣ ነፃ። ተራራ፣ ነፃ። ደረጃ የሚወጣ ዓሣ፣ ነፃ። ገበያ፣ ካልገዛን ነፃ።

ዝርዝሩን ሳነብላት እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። ሠላሳ ዓመት አትክልት ተራ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ናት። “ነፃ ማለት ባለቤቱ ያላወቀብህ ነገር ነው” አለች። “እኔ ምራቂ ነው የምወደው። ምራቂ ባለቤቱ እያየህ፣ ደስ ብለኸው የሚጨምርልህ ነው።”

ከሱፐርማርኬት በቀር ገበያ ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። ሽንኩርቱ ተመዝኖ፣ ሂሳቡ ተቆርጦ፣ ዘንቢሉ ሊነሳ ሲል ገዢዋ “መርቂልኝ እንጂ!” ትላለች፤ ሻጯም እያጉረመረመች ሁለት ራስ ሽንኩርት ጣል ታደርግላታለች። ያ ነው ምራቂ። ገዢዋ በበኩሏ “ገበያሽን ያድምቀው” ብላ ትሄዳለች። ያ ደግሞ ምርቃት ነው። ሁለቱም “መረቀ” ከሚል ቃል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ዘንቢል ውስጥ ይገባል፣ ሌላው አናት ላይ ያርፋል።

ከተራራው ጀመርን። ኬሪ ፓርክ ከኮረብታ ወገብ ላይ የተቀመጠች ጠባብ መስክ ናት። ከዚያ ሆኖ ከተማው፣ ባሕሩና ከኋላቸው በበረዶ የተጠቀለለው የሬኒየር ተራራ በአንድ ዓይን ይገባሉ፤ ያውም ደመና ካልጋረደው ነው። የሲያትል ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ፣ “ዛሬ ተራራው ወጥቷል” ይባባላሉ። ይህንኑ ስነግራት እማዬ፣ “የት ሄዶ ነበር?” አለች።

ትንሽ ቆይታ ቁመቱን ጠየቀችኝ። ስልኬን አየሁና “4,392 ሜትር” አልኳት።

“ራስ ዳሸንስ?”

“4,550።”

ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ግን ተራራውን የምታየው እንደ ታናሽ ወንድም ነበር። “በረዶው ግን ያምርበታል” አለችለት።

በማግስቱ አልካይ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወሰድኳት። እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ትልቅ ውሃ የምትለው ላንጋኖን ነው። ቦት ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ገባችና ወዲያው ወጣች። ፒዩጀት ሳውንድ የሚሉት ይህ ባሕር በበጋም አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችና ላሰችው።

“እውነትም ጨው ነው!”

“አዎ፣ ባሕር ጨው ነው።”

“ይህን ሁሉ ጨው ዝም ብለው ያዩታል? አፋር ድረስ ግመል እየተነዳ የሚመጣ ነገር እዚህ ሜዳ ላይ ፈሶ፣ እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ!”

አጠገባችን ዋና ልብስ ለብሰው የተጋደሙትን ሰዎች ስትመለከት፣ የአባታቸውን ሱቅ ክፍት ትተው የተኙ ልጆች ያየች ነበር የምትመስለው።

ሐሳቧን ላስቀይር ብዬ የቦታውን ታሪክ ጀመርኩላት። ሲያትልን የቆረቆሩት ነጮች እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1851 በዝናብ የወረዱት እዚህ ነው። ሰፈራቸውንም “ኒው ዮርክ አልካይ” አሉት። አልካይ የአካባቢው ነባር ሕዝቦችና ነጋዴዎች ይግባቡበት ከነበረው የገበያ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ “ውሎ አድሮ” እንደ ማለት ነው። ኒው ዮርክ እንሆናለን፣ ግን ውሎ አድሮ።

“ሆኑ?” አለች።

“አልሆኑም። በማግስቱ ዓመት አብዛኞቹ ባሕሩን ተሻግረው አሁን ከተማው ያለበት ቦታ ሰፈሩ።”

“አልካይ” አለች እማዬ፣ ቃሉን እንደ ጨው እየቀመሰች። “መቼ ነው አገርህ የምትመጣው ስልህ የምትመልስልኝ ይሄንኑ አይደለም እንዴ?”

አገሬን ካየሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሜ አልካይ ሆነ። “አልካይ፣ ቡናው ፈልቷል፣ ና!”

ከዝርዝሬ ውስጥ በጣም የተመካሁበት ባላርድ በሚባለው ሰፈር ያለው የውሃ በር ነበር። እዚያ በሩ ከባሕሩ የሚለየው ሐይቅ ከባሕሩ ከፍ ይላል፤ እንደ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከ2 እስከ 8 ሜትር ያህል። እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተው ይህ በር ጀልባውን የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ይዘጋበታል፤ ከዚያ ውሃውን እየሞላ ወይም እያጎደለ ከፍ ዝቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። ቱጃሩ በቅንጡ ጀልባው፣ ጎረምሳው በፕላስቲክ ታንኳው እኩል ተራ ይጠብቃሉ። እማዬ ግን በዚህ አልተደነቀችም። “ሊፍት ነው” ብላ አለፈችው።

የደነቃት ዓሣው ነው። ለጀልባ በር ሲከፈት ዓሣውስ በምን ይለፍ ተብሎ 21 እርከን ያለው የውሃ ደረጃ ተሠርቶለታል። ጎብኚ ወደ ታች ወርዶ በመስታወት ያያል። ሐምሌ የሳልሞን ወር ነው፤ ክንድ የሚያህሉ ዓሦች ውሃውን ፊት ለፊት እየታገሉ፣ እየተገፉ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ እንደገና ሲወረወሩ ይታያሉ።

“ወዴት ነው እንዲህ የሚቸኩሉት?”

“ወደ ተወለዱበት ውሃ። ዓመታት ባሕር ላይ ከርመው ነው የሚመለሱት።”

“መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?”

“የወንዛቸውን ሽታ ያስታውሳሉ ይባላል።”

“ሲደርሱስ?”

“እንቁላላቸውን ይጥሉና ይሞታሉ።”

እማዬ መስታወቱ ላይ እጇን አሳርፋ ዝም አለች። አንዱ ዓሣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በአራተኛው ሲያልፍ አየን። “ዓሣ እንኳ” አለች በመጨረሻ፣ “ዓሣ እንኳ አልካይ አላለም።” ዙሪያችንን የቆሙት ወላጆች ልጆቻቸውን ስለ ተፈጥሮ ያስተምራሉ፤ በዓሣ የተመከርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ፓይክ ፕሌስ ከባሕሩ በላይ ገደል ተደግፎ የተሠራ ገበያ ነው። መኪናዬን ለሁለት ሰዓት ከፍዬ አቆምኩና፣ እየሄድን ታሪኩን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1906 እና በ1907 መካከል የሽንኩርት ዋጋ አሥር እጥፍ ወጣ። እማዬ መንገድ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች።

“ምን ሆኖ?”

“ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ ሕዝቡ በውድ ይገዛል፤ መሃል ላይ ያለው ደላላ ...”

“ደላላ!” አለች፣ የድሮ ባላጋራዋን ባሕር ማዶ ያገኘች ያህል። የቀረውን እኔ ሳልሆን እሷ ነገረችኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኖረችው ታሪክ ነው። እኔ የጨመርኩላት፣ ቶማስ ሬቬል የሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል ገበሬው ራሱ ለበላተኛው ይሽጥ ብሎ እንደ ተነሳ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1907 ገበያው ሲከፈት ጥቂት ገበሬዎች በጋሪ ያመጡት ከቀትር በፊት ተሽጦ እንዳለቀ ነው። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። “በሽንኩርት የተነሳ ገበያ የሚያቋቁም ከተማ ጨዋ ከተማ ነው” ብላ ፈረደች። እ.ኤ.አ. በ1971 ገበያው ሊፈርስ ሲል ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ እንዳስተረፈው ስነግራት ግን ተከዘች። አትክልት ተራዋ በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲሄድ እሷም ሚዛኗን የሰቀለችው ያኔ ነው።

ትካዜው ግን ብዙ አልቆየም፤ ዓሣ በጭንቅላታችን ላይ በረረ። ዓሣ ሻጮቹ የተገዛውን ሳልሞን እየጮኹ ከወዲያ ወዲህ ይወራወሩታል፤ ቱሪስቱ ያጨበጭባል። እማዬ አማተበች። “የሰው ሲሳይ ይወረወራል?” እልፍ ስንል ራሔል የምትባል የነሐስ አሳማ አለች፣ ሳንቲም የሚከተትባት። ሕፃናት እየጋለቧት ፎቶ ይነሳሉ። “እሪያ ላይ ተቀምጬ? እኔ?” አለች። የሚጠራቀመው ገንዘብ ለችግረኞች ክሊኒክና ምግብ እንደሚውል ስነግራት ግን ከመቀነቷ ሳንቲም ፈታች፤ አሳማዋን ላለመንካት ሁለት እርምጃ ርቃ ወረወረችና ሳተች። አንድ ሕፃን አንስቶ ከተተላት።

ጥግ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። “የምንድን ነው? የዘይት ነው?”

“የቡና ነው። ስታርባክስ የመጀመሪያ ሱቁ ይሄ ነው ይባላል፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ሌላ ቤት ነበር፣ ወደዚህ የመጣው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው።”

“ቡና ጎረቤት ተጠርቶ እንጂ ተሰልፎ ይጠጣል?” አለች። ለሰልፈኞቹ ያዘነችላቸው ከልቧ ነበር።

ከዚያ ኮክ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ጋ ደረስን። ዋጋው በካርቶን ተጽፏል። እማዬ የተጻፈ ዋጋ አታምንም፤ ለእሷ የወግ መጀመሪያ እንጂ ዋጋ አይደለም።

“ግማሹን በለው።”

ወደ ሻጩ ዞርኩና በእንግሊዝኛ፣ “እናቴ ኮኩ በጣም ያምራል ትላለች” አልኩት። ፊቱ በራ፤ ቢላዋውን አንስቶ አንድ ቁራጭ አቀመሳት።

“አየህ? ለሰለሰ! አሁን ለደንበኛ ቀንስ በለው።”

“ከየት እንደሚመጣ ትጠይቃለች” አልኩት። እሱም ስለ ያኪማ ሸለቆ፣ ስለ ፀሐዩና ስለ መስኖው አምስት ደቂቃ አወራ።

“ምን ይላል?”

“ልጆች አሉብኝ ይላል።”

“ሁላችንም አሉብን” አለች ወደ እኔ እያየች፤ ሆኖም አንጀቷ ራራና ግዛ አለችኝ። እስከ ዛሬ በግማሽ ዋጋ እንደ ገዛች ነው የምታምነው። የጎዳት ሌላ ነገር ነው። ሚዛኑ ትንሽ ሲያልፍ ሰውየው የመጨረሻዋን ኮክ መልሶ አነሳት። “አነሳት!” አለች በሹክሹክታ፣ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው። “ሊጨምር ሲገባው አነሳት!”

አበባ ተራ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከላኦስ ተሰደው የመጡ የህሞንግ ቤተሰቦች ናቸው፤ ያረሱትን ራሳቸው ይሸጣሉ። አንዲት የእማዬ እኩያ የምትሆን ሴት ጋ ቆምን። እዚህ እኔ ለማስተርጎምም ለመዋሸትም አልመች አልኩ፤ እማዬ አማርኛ፣ ሴትየዋ ህሞንግኛ። እማዬ በአገጯ አንዱን እቅፍ አሳየች። ሴትየዋ በነጭ ወረቀት ጠቀለለችው። ከፈልኩ። እማዬ ግን አልሄደችም። አንድ ጣቷን አንስታ፣ ፈገግ ብላ፣ ልክ አትክልት ተራ እንዳለች፣ “መርቂልኝ እንጂ” አለቻት።

ሴትየዋ ጣቷን አየች። ፊቷን አየች። ከዚያ በሳቅ ፍርፍር አለችና ከባልዲው አንድ ትልቅ ቀይ ዳልያ መዝዛ እቅፉ መሃል ሰካችላት።

እማዬ አበባውን ለእኔ አቀበለችኝና ሁለት እጇን ዘረጋች። “እጅሽ አይንጠፍ፣ ልጆችሽ ይባረኩልሽ፣ ደጅሽ አይዘጋ፣ አገርሽን ያሳይሽ።” ሴትየዋ አንድ ቃል ሳይገባት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። “አሜን” የሚል ስለጠፋ እኔ አልኩላት።

ስንመለስ የመኪናዬ መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ደቂቃ አሳልፌያለሁ። እማዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወደ መክፈያው ማሽን ሄዳ ከላይ እስከ ታች ገረመመችው። “ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከፍሎህ አራት ደቂቃ አትመርቅም?” ማሽኑ ካርድ አስገቡ የሚለውን ጽሑፍ ብልጭ ድርግም አደረገላት።

በመስከረም ወደ አገሯ ተመለሰች። በስልክ እንደ ሰማሁት፣ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ ዓሣ ደረጃ ይወጣል ብላ የሚያምናት አጥታለች፤ የኮኩን ዋጋ ግን ሁሉም አምነዋል።

እኔም አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ገበያው ወረድኩ። ያቺው ሴት አበባ ጠቀለለችልኝ። ከፈልኩና ዞር ልል ስል ከኋላዬ ሰው ፈለገች፤ እማዬን መሆኑ ነው። እጄን እንደ አውሮፕላን አድርጌ ወደ ላይ አሳየኋት። ገባት። አንድ ዳልያ መዝዛ ጨመረችልኝና ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር።

የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ። ምራቂው ተሰጥቷል፤ ቀሪው ምርቃት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስመረቅ እንጂ ስመርቅ አልኖርኩም። አፌን ከፈትኩ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ የመጣልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው።

“አሜን።”

ሴትየዋ የጎደለው ነገር እንዳለ ገብቷታል መሰል፣ ፈገግ ብላ አሁንም ጠበቀችኝ። የማቆሚያዬ ሰዓት ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበርና፣ “አልካይ” ብያት ሮጥኩ።