ተን የያዘው ሄልሜት

ነቀምቴ ውስጥ በክረምት ሞተር የሚነዳ ሰው ሁለት ጉም ይገጥመዋል፤ አንዱ ከሰማይ የወረደ፣ ሌላው ከገዛ አፉ የወጣ። የመጀመሪያውን ይችሉታል። ሁለተኛው ነው የሚያበሽቀው፤ ሰው እንዴት በራሱ ትንፋሽ ይታወራል?

ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱም አያፈናፍንም። ማለዳ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ስነሳ የሄልሜቴ መስታወት ቀዝቃዛ፣ ትንፋሼ ደግሞ ሙቅና እርጥብ ነው። ሲገናኙ ተኑ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። አፍና አፍንጫን በሻርፕ ከጠቀለሉ ይብሳል፤ ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ወደ ዓይን ይመጣል። ከኋላ የተሳፈሩ እናት «ልጄ፣ መንገዱ ይታይሃል?» ቢሉኝ እንኳ አልመልስም፤ «አዎ» ማለት ራሱ ተጨማሪ ተን ነው።

መድኃኒት አዛዡ ብዙ ነው። ድንች እሸው ይላል አንዱ፣ የጥርስ ሳሙና ይላል ሌላው፣ ምራቅ እንትፍ በልበት የሚልም አይጠፋም። (በምራቁ አትሳቁ፤ ባሕር ጠላቂዎችም መነጽራቸውን ያሹበታል። ብቻ ሄልሜቱ የራስ ይሁን።) ሄልሜቱን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው የሚነዱም አሉ፤ ክርናቸው መቼም አይጎዳም።

ችግሩ ጠፈር ላይም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጠፈርተኛው ጂን ሰርናን ከጀሚኒ 9 መንኮራኩር ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ የራስ ቁሩ መስታወት በተን ተሸፈነ። እጁን ማስገባት ስለማይችል በአፍንጫው ጫፍ እየጠረገ ነበር የሚያየው! ከዚያ ወዲህ ናሳ የጠፈርተኞቹን መስታወት ተን በሚከላከል ቅባት ያስወለውል ጀመር፤ ቅባቱም የሳሙና ዘመድ ነው። ሳሙና እርጥበቱን አያስቀረውም፤ ጠብታ ሆኖ እንዳይቋጠር ስስ አድርጎ ያነጥፈዋል፤ ስለዚህ ያሳያል። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ከውስጥ በኩል ቀብቶ፣ ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው።

ለበረዶ ሸርተቴ መነጽር ደግሞ ቦብ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1960ዎቹ ድርብ መስታወት አበጅቷል፤ በመሃል የታጎረው አየር የውስጠኛውን ከቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ዛሬ ለሞተር ሄልሜትም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ተለጣፊ አለ።

እንግዲህ ሄልሜት ስትገዙ ከቀለሙ በፊት አገጩ ላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ እዩ። ሻርፑን ከአፍንጫ በታች እሰሩ። ተሳፋሪዎች ሆይ፣ እናንተም እስከ መስከረም ድረስ ሞተረኛውን ወሬ አታስጀምሩት።