«80 ላይ ነኝ እኮ!»

ከደጀን በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ከሚመላለሱት መኪኖች አንዳንዶቹ ከሠራቸው ፋብሪካ የበለጠ ዐዋቂ ባለቤት አላቸው። የጃፓን መሐንዲስ ስንት ዓመት የተጨነቀበትን የኋላ ዲፈረንሻል በአንድ ከሰዓት አስወርዶ፣ ኮሮና ፒኞኑን አስወጥቶ፣ ከሶማሌ ተራ የመጣ ሌላ ያስገጥምለታል። ባለ 90 ዘይት ይሞላል፣ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ እጅ በናፍጣ ይታጠባል፣ አለቀ። ኮምፒዩተሩስ? ምን አገባው! እሱ ከፊት ነው ያለው፤ ዲፈረንሻሉ ከኋላ።

መቀየሩን አልነቅፍም። ጥርስ ረግፎ መኪና ሲቆም ሰው ያገኘውን ይገጥማል። ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህማ ያለውን ጠጋግኖ ማኖር የግድ ሆኗል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አስቦበት የሚቀይርም አለ። እኔ የማደንቀው ከቅያሪው በኋላ የሚሰፍነውን ዝምታ ነው።

የቀድሞው ዲፈረንሻል ትልቁ ማርሽ 41፣ ትንሹ 10 ጥርስ ነበረው እንበል። አዲሱ 41 በ11 ነው። ልዩነቱ አንዲት ጥርስ፤ ይህችን ብሎ ማን ኮምፒዩተር ያስነካል? ነገር ግን በብዙ መኪኖች ላይ የፍጥነት ሴንሰሩ የሚቆጥረው ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ዙር እንጂ የጎማውን አይደለም። ኮምፒዩተሩ ያንን ዙር በ4.1 አካፍሎ የጎማውን ፍጥነት ያሰላል። አሁን ማካፈል የነበረበት በ3.73 ነው፤ የነገረው ስለሌለ በለመደው ያካፍላል። እናም ዳሽቦርዱ 80 ሲል መኪናው 88 ይበራል። ሸማ ሊገዛ ሲወጣ ክንደ ረጅም አጎቱን አስከትሎ የሚሄድ ገበያተኛ ታውቃላችሁ? ሸማው ያው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል።

ድሮ ኮንታ ኪሎሜትር በሽቦ በሚሠራበት ዘመን ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ መቀየር ይበቃ ነበር። ዛሬ መሣሪያ ሰክቶ የዲፈረንሻሉንና የጎማውን ልክ ለኮምፒዩተሩ መንገር ነው። መኪናው ይህን የማይቀበል ከሆነም በሴንሰሩና በኮምፒዩተሩ መካከል ገብታ ቁጥሩን የምታርም ሳጥን አለች። ይህ ሁሉ ግን ለፈሪ ነው። የእኛ ሰው ጥቁር ፕላስተር አለው። ጎማውም ላይ ሴንሰር ያለው መኪና ሁለቱ ቁጥሮች አልገጥም ሲሉት ቢጫ መብራት ያበራል፤ መብራቷ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቁራጭ ትሸፈናለች፤ ብርሃኑ በጠርዙ ሲያጮልቅ ሌላ ቁራጭ ይደረብባታል። ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ነዳጅ ቆጣቢው ነው። በፊት በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር እንበል። ዲፈረንሻሉን ቀይሮ በእርግጥም ተጠቀመ፤ አሁን 10 ተኩል ይሄዳል። ዳሽቦርዱ ግን 9 ተኩል ብሎ ይቆጥርበታል። ሰውዬው በቁጠባው ከሰረ! ከዚያ ወዲያ የነዳጅ ማደያ ቀጂ ሲራገም፣ ናፍጣው ውኃ አለበት ሲል፣ ፖምፓ ሲያስፈታ ይከርማል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀይረውን የሞተር ዘይት በ5,500 እንደሚቀይረውም አያውቅም። መኪናውን የሚሸጥበት ቀን ሲመጣ ግን ሁሉም ይካሳል፤ ከቅያሪው ወዲህ 110,000 ኪሎ ሜትር የሮጠው መኪና 100,000 ብቻ ተብሎ ይቀርባል። ኪሎ ሜትር ለሚያስመልስ ባለሙያ ሳይከፍል መኪናው በራሱ ልጅ ሆነ።

መንገደኛውስ? ከደብረ ወርቅ ወዲያ መኪናው ሲከንፍ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ» ይላል በትሕትና። «ልጄ፣ 80 ላይ ነኝ እኮ! አይታይህም?» ሾፌሩ አልዋሸም። ፍጥነት መገደቢያውም ቁጥሩን የሚወስደው ከዚያው ሴንሰር ከሆነ አይዋሽም፤ 80 ላይ ታስሮ በ88 ይጓዛል። ትራፊክ ፖሊስ በራዳር ቢይዘው እንኳ ጥፋተኛው ራዳሩ ነው። ፍጥነት 10 በመቶ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ የሚቆምበት ርቀት 21 በመቶ ግድም መርዘሙን ግን ጤፍ ጭና ከገበያ የምትመለሰው አህያ የት ታውቃለች? አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ በዚያው ማርሽ ሞተሩ የሚይዘው ስለሚቀንስ የቀረው ሸክም ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አይዞን፤ ዳሽቦርዱ ተረጋግቷል።

እንግዲህ ከብቸና ሞጣ የምትሳፈሩ ሆይ፣ ስልካችሁን አውጡና የጂፒኤሱን ፍጥነት ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያዩት። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ዳሽቦርድ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አምራቾችም ስለዚህ ጥቂት አስበልጠው ይሠሩታል። ሜዳ ላይ በአንድ ፍጥነት ስትጓዙ የስልካችሁ ቁጥር ከዳሽቦርዱ በልጦ ከቆየ፣ ወይ ዲፈረንሻሉ ወይ ጎማው ሳይቀየር አይቀርም፤ ለኮምፒዩተሩም የነገረው የለም።