«ፈርምዌሩ ነው!»

ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቱ ውስጥ፣ ምድር ቤት ወርዶ ቢራ ይጠምቃል። ሕግ አልጣሰም፤ ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ይፈቅዳል። እሱ የሚጥሰው የኦምን ሕግ ነው።

አሮጌ ፍሪጅ ገዛ፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርድ ራሱ በየደ፤ ፍሪጁንም ማሞቂያውንም በሪሌይ አገናኘ። ቦርዱ ግን አልገራለትም። ከዚያ ወዲህ ክሱ ቦርዱን በሚያዘው ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው፤ «ፈርምዌሩ ነው!» እኔም ሳልጠራ የተከሳሽ ጠበቃ ሆኛለሁ።

«አብዷል» አለኝ፤ «ቢራው ከዜሮ በታች 127 ዲግሪ ነው ይላል።»

«እንኳን ደስ አለህ! አንታርክቲካ ላይ የተለካው ትልቁ ብርድ እንኳ ከዜሮ በታች 89 ነው። ምድር ቤትህ በልጦታል።»

«አትቀልድ፤ ማሞቂያውን አብርቶ ቢራዬን ሊቀቅለው ነበር።»

«127ቱ ልኬት አይደለም። ቦርዱ የሙቀት ሴንሰሩን ጠርቶ መልስ ሲያጣ የሚጽፈው ቁጥር ነው። እሱ ‹የሚመልስልኝ የለም› አለህ፤ አንተ ‹በረደው› ብለህ አሞቅክለት። እርሾ ከልክ በላይ ሲሞቀው ደግሞ ጉሮሮ የሚያቃጥል ከባድ አልኮል ያወጣል። ለእንግዳ ልታቀርበው ነበር?»

«ትናንት ደግሞ 85 አለኝ።»

«እሱማ ‹ገና መንቃቴ ነው› ማለቱ ነው። ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር ኃይል ሲያገኝ አፉን የሚከፍተው በ85 ነው። በደንብ ለክቶ ለመጨረስ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ አንተ ሳታስለካው አነበብከው።»

«በየመሃሉም ይመጣል እኮ!»

«እንግዲያው በየመሃሉ መብራት ይጠፋበታል ማለት ነው። አንተ ሰውዬ፣ ከአዲስ አበባ ይዘኸው የምትመጣው ከመብራት መጥፋት ሌላ ነገር አጣህ?»

ዝም አለ። እኔ ዝም አላልኩም።

«በዳታው ሽቦና በፓወሩ መካከል የምትገባው 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር የት አለች?»

«ቦርዱ ውስጥ ያለው ይበቃል ብለውኛል።»

«ለረጅም ሽቦ አቅም የለውም። ሴንሰሩስ?»

«ኦሪጅናል ነው ብሎኛል ሻጩ።»

«ስንት ገዛኸው?»

«በጣም ርካሽ ነበር።»

«መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ።»

ወደ ዋናው ክስ ገባ። «እሺ፣ ሪስታርት የሚያደርገውስ? ኮምፕሬሰሩ በጠፋ ቁጥር ቦርዱ አብሮ ይነሳል።»

«ኮምፕሬሰር ሲጠፋ ጠብቆ የሚያብድ ኮድ አይቼ አላውቅም። የኮምፕሬሰር ሞተር ጥቅልል ሽቦ ነው፤ ሪሌዩ ሲለቀው ብልጭታ ይረጫል፤ ብልጭታውም በሽቦህ በኩል ቦርዱ ድረስ ይመጣል። በሪሌዩ ጫፎች ላይ ብልጭታ የሚውጥ ሬዚስተርና ካፓሲተር አድርግ፤ የሴንሰሩን ገመድ ከመብራቱ ገመድ አርቅ፤ ለቦርዱም ደህና ፓወር ሰፕላይ ስጠው። ፈርምዌር የቀየርከውን ያህል ሽቦ ብትቀይር ኖሮ ዛሬ ጠጪ ነበርክ።»

«ኮምፕሬሰሩም ይንቀጠቀጥና ይቆማል።»

«ቦርዱ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ መቼ እንደቆመ ይረሳል። ‹ሞቋል› ብሎ ወዲያው ያስነሳዋል። ኮምፕሬሰር ግን ከቆመ በኋላ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ቢያንስ ሦስት፣ አራት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ‹አሁን ገና ነው የጠፋው› ብሎ እንዲጀምር ጻፈው።»

ይሄኔ ሊረታኝ አሰበ። «ስለዚህ ፈርምዌር አይበላሽም ነው የምትለው?»

«ይበላሻል። የአርዱይኖ ኡኖ ቦርድ ቋሚ ማስታወሻ አንድ ቦታው ላይ ለ100,000 ጊዜ መጻፍ ነው የሚገመትለት፤ በየሰከንዱ እዚያው ብትጽፍበት በ28 ሰዓት ውስጥ ጨረስከው። የሚሊሰከንድ ቆጣሪውም በ49.7 ቀን ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሒሳቡን በመቀነስ ያልሠራ ኮድ ያን ቀን ግራ ይጋባል። ቦርድህ በሃምሳኛው ቀን ቢያብድ አምንሃለሁ። ለመሆኑ ትልቁ ዕድሜው ስንት ነው?»

«... ሁለት ሰዓት።»

እናቱን ሊጠይቁ የመጡት አክስቱ፣ እትዬ፣ ደረጃው ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ልጄ፣ እኔ ጠላ ስጠምቅ ጋኔ ተነሥቶ አያውቅም» አሉ።

«እትዬ፣ ጠላ በቀናት ይደርሳል። ላገር ቢራ እኮ አሥር ዲግሪ አካባቢ ሳምንታት ይቆያል።»

«ታዲያ ሳምንታት የሚቆየውን ሁለት ሰዓት ለማይቆየው ማን ስጥ አለህ?»

ያን ቀን ጠበቃነቴን ለእትዬ ላስረክብ ምንም አልቀረኝም።

ጓደኛዬ የመጨረሻ ይግባኙን አቀረበ። «እና ፈርምዌሩ ላይ አንድም ጥፋት የለም በለኛ!»

«አንድ አለ። የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ከዜሮ በታች 127 ሲሉት ያሞቃል፤ 85 ሲሉት ያቀዘቅዛል። ከመጠን ያለፈ ቁጥር ሲሰማ ሁለቱንም አጥፍቶ ድምፅ እንዲያሰማ አድርገው። የቀረው የሽቦና የፓወር ነው፤ ሁልጊዜም ከዚያ ጀምር።»

«የነገሩትን ሁሉ ማመኑስ ከጌታው ወርሶት ነው» አሉ እትዬ፤ «ኦሪጅናል ነው ብለው የሸጡለት እሱን አይደል?»