ማንደጃና ማሞት፦ በአንዛ-ቦሬጎ በረሃ የሚሰፍረው ቤተሰብ ሲጠና

ከሳን ዲየጎ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬደው አንዛ-ቦሬጎ፣ ከ230 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን በረሃ ሲሆን ከካሊፎርኒያ ግዛት ፓርኮች በስፋቱ አንደኛ ነው። ሊቃውንት አፈሩን ንብርብር በንብርብር አገላብጠው፣ ከ7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ ማን እንደኖረበት መዝግበዋል። ማሞቱ፣ ግመሉ፣ ፈረሱ፣ ክንፉን ሲዘረጋ 5 ሜትር ገደማ ይደርስ የነበረው አሞራ፣ ሁሉም ስምና መደብ አግኝተዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በሚኒቫን እየመጣ የሚሰፍረው የሀበሻ ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ የመደበው የለም። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ዝርያው አይታይም።

አባላቱ በሦስት ይከፈላሉ፦ ድንኳን መትከል አውቃለሁ የሚል፣ እንደማያውቅ የምታውቅ፣ እና ክርክሩ እስኪያልቅ ወንበር አስዘርግተው የተቀመጡ። የመጀመሪያው አባት፣ ሁለተኛዋ እናት፣ ሦስተኛዋ አያት ናቸው። ልጆች ቆመው ስለማይቆጠሩ በምደባው አልገቡም።

ጥናቱ የሚጀምረው ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው። ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1669 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ባልተናወጠ ንብርብር ውስጥ ከታች ያለው ቀድሞ የተቀመጠው ነው። ሕጉ ለሚኒቫንም ይሠራል። ከሥር ያለው ቀድሞ የተጫነው ድንኳን ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሁሉ በፊት የሚፈለገውም ድንኳን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በስልክ መብራት ቁፋሮ ይጀምራል። ከላይ ጋቢና ትራስ ይወጣል። ቀጥሎ በፎጣ የታሰረ የዶሮ ወጥ ድስት ይገኛል። ከዚያ ወፍራሙ ንብርብር፣ እንጀራ፣ ይመጣል፤ ለሁለት ሌሊት ተብሎ የተጫነው ለሠልስት ይበቃል። ከእንጀራው በታች ቆሎ፣ ዳቦና ማንም ጫንኩ የማይለው አንድ ዣንጥላ አለ። ድንኳኑ ሲገኝ መሽቷል።

ጥናቱ የላቀ ትኩረት የሰጠው ለቡናው ዕቃ ነው።

የፓርኩ ደንብ መሬት ላይ እሳት ማንደድን ይከለክላል። እሳት የሚነደው በብረት ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከበረሃው እንጨት መልቀም፣ የደረቀም ቢሆን፣ አይፈቀድም፤ አመዱንም ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሰው ስለመመለሳቸው ማስረጃ የለም። ሆኖም አንቀጹን ያነበበ ሁሉ ከቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራውን የከሰል ማንደጃ በዐይነ ኅሊናው ያየዋል። ሌላው ሰፋሪ ደንቡን ለማሟላት ሱቅ ገብቶ የብረት ገበቴ ይገዛል። አያት ግን ሕግ አክባሪ ሆነው ነው የመጡት፤ ሕጉን ባያነቡትም።

ጀበና በዚህ በረሃ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛዋ ዋናዋ ጀበና ናት፤ በነጠላ ተጠቅልላ በአያት ጭን ላይ ትጓዛለች። መንገዱ ከተራራው ወደ በረሃው ሲወርድ እጅግ ይጠማዘዛል፤ አያት በየመታጠፊያው ጀበናዋን እንጂ መኪናውን አይይዙም። ሁለተኛዋ ተጠባባቂ ጀበና ናት፤ ዋናዋ ብትሰበር ተብላ ከበረዶ ሣጥኑ ሥር ትጫናለች። የምትሰበረው ሁልጊዜ ተጠባባቂዋ ናት። ሦስተኛው እናት የምታመጣው ፔርሙዝ ነው። ቡና ይይዛል፣ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ አይሰበርም፤ ይሁን እንጂ አያት ፊት ስሙ ከጀበና ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይነሳም።

ረከቦቱ ሥር የሚጎዘጎዘው ቄጤማም ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሳል። ከፓርኩ ቅጠል መበጠስ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድም በዙሪያው ያለው ቁልቋልና እሾህ ነው። መፍትሔው አረንጓዴው የፕላስቲክ ቄጤማ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለሦስት ቀን ከጸጉርና ከእንጀራ ላይ ሲለቀም ይከርማል።

ቡናው ሲቆላ ምጣዱን ለሁሉም አዙሮ ማሽተት ወግ ነው። በረሃ ላይ ይህን ሥራ ነፋሱ ይወስዳል፤ ጭሱንም እጣኑንም አንስቶ ለጎረቤት ድንኳን ያደርሳል። ጎረቤቱ ሰላም ብሎ ሊያልፍ ይመጣና ይቀመጣል። አቦሉ ፀሐይ ስትገባ፣ ቶናው ሲጨልም፣ በረካው ከዋክብቱ ሲወጡ ይጠጣል። ከሰፈሩ አጠገብ ያለችው ቦሬጎ ስፕሪንግስ መብራቷን ቀንሳ ሌሊቱን በመጠበቋ በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ እውቅና ያገኘች፣ በካሊፎርኒያም የመጀመሪያዋ የሆነች ከተማ ናት። ጎረቤቱ ቴሌስኮፑን ጭኖ የመጣው ለዚሁ ሰማይ ነበር፤ በረካ ላይ ሲደርስ ግን ጁፒተርን ትቶ ከአያት ጋር የደሴ ዘመዶችን እየቆጠረ ነው። ፈንዲሻው በነፋስ ሲበተን የዱር እንስሳት እንዳይበሉት ልጆች በባትሪ ያሳድዱታል።

ሌሊቱ ሲበርድ አያት ማንደጃውን አይተው ወደ ድንኳኑ ያያሉ። እዚህ ላይ እናት ትቆጣለች፤ ልክም ናት፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል። ጋቢ በጋቢ ላይ ይደረባል። አመዱ ቀዝቅዞ በቲማቲም ቆርቆሮ ይታሸጋል።

ስለ ቅሪተ አካሉ ደንቡ አጭር ነው፦ አጥንት፣ ዛጎል፣ ድንጋይ፣ ምንም አይወሰድም። ስለዚህ ልጆቹ ድንጋይ አንስተው «ይሄ አጥንት ነው?» ይላሉ፤ አይደለም ሲባሉ አስቀምጠው ሌላ ያነሳሉ፤ ቀኑ በዚህ ያልፋል። ከልባቸው የሚወዱት ከተማዋ ዙሪያ ሪካርዶ ብሬሴዳ ከብረት የሠራቸውን ማሞቶችና አንገቱ ከመንገዱ ወዲህ፣ ጅራቱ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዘንዶ ነው።

አባት በዚህ መሐል ስለ ድንቅነሽ ይናገራል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ የዚህ አገር ማሞቶች ለእርሷ ታናናሾች ናቸው። ትልቋ ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከል ያመጣችውን ወረቀት ገልጣ፣ ፊሽ ክሪክ አካባቢ ያሉት ዛጎሎች፣ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ እስከዚህ ይዘልቅ በነበረበት ዘመን የቀሩት፣ ድንቅነሽን በዕድሜ እንደሚበልጡ ታነባለች።

«ዛጎል ከሰው ጋር አይወዳደርም» ይላል አባት።

ልጅቷ ትቀጥላለች። የግመል ዘር መነሻው ሰሜን አሜሪካ ነው፤ በጥንቱ የየብስ መሸጋገሪያ ወደ እስያ ተሻግሮ ነው ኋላ አፍሪካ የገባው። አባት ይህን ሲሰማ ይቆማል። «የአፋር ግመል? ከዚህ?»

አያት አልገረማቸውም። «እና ምን ይደንቃል፤ እኛስ ከዚያ መጥተን የለ።»

በዕቅዱ መሠረት የመመለሻው ጭነትም ንብርብር በንብርብር ሊጠና ነበር። ነገር ግን እሑድ ረፋድ ድንኳኑ ወደ ከረጢቱ አልገባ ብሎ ሳይታጠፍ ተወረወረ፤ ወጡ ጋቢው ላይ፣ ጋቢው ዳቦው ላይ፣ ዣንጥላው ሁሉም ውስጥ ገባ። ስቴኖ ቢያየው ሥራውን ይተው ነበር። መኪናው ተራራውን ወጥቶ በፖም ኬኳ የምትታወቀው ጁሊያን ሲደርስ፣ እንጀራው ገና አልተጋመሰም፤ ልጆቹ ግን ራበን ብለዋል፣ አባትም ወረፋ ይዟል። አያት ጀበናዋን እንደታቀፉ በመስኮት «ዳቦው ሳለ?» ይላሉ። እናት ሁለት ቁራጭ ኬክ ለእኔ ብላ ወርዳለች።