ሁለተኛው ሳልባትዮ

ናፍታ በጠፋ ሰሞን ሁለት ሳልባትዮ ያለው ሰው ዘመድ ይበዛበታል። ይህን እያወቅሁም ማስገጠሜ አልቀረም፤ ደቡብ ኦሞን የወደደ ሰው ምን ያደርጋል? አሮጌው ላንድክሩዘሬ 95 ሊትር ይይዛል። ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢጠጣ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደኛል። ከጂንካ ወዲያ፣ ቱርሚና ኦሞራቴ ሲደረስ ግን ናፍታ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከበርሜል ነው፤ ከናፍታው ጋር ምን አብሮ እንደገባ የሚያውቀው ፊልትሮው ብቻ ነው።

ጀሪካን ይበቃል የሚሉ አሉ። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፖርቶመጋላ ላይ የጫነ መኪና ግን አናቱ ይከብደውና በየኩርባው ይንገዳገዳል። ማደያውም “በጀሪካን አንቀዳም” ካለ ነገሩ አለቀ።

አማቼ ነገር ሲያደርግ በትልቁ ነው። “ሃርድቶፕ ትሩፕ ካሪየር ከፋብሪካው ሁለት ባለ 90 ሊትር ይዞ ይወጣል። አንተ ከማን ታንሳለህ? 180 ጨምርበት!” አለኝ።

መካኒኬ ከመኪናው ስር ሆኖ ሰማን።

“ጋሼ፣ 180 ሊትር ናፍታ 150 ኪሎ ነው። ኩንታል ተኩል ጤፍ ከኋላ ተሸክመህ ልትዞር ነው? ሞላው ያልቅሳል። ደግሞስ የት ላስቀምጠው? እዚህ ማርሚታው፣ እዚያ ስኮርታው።”

“ስኮርታውን አንሳውና ከኋላ ስቀለው።”

“እሺ፣ ግን ሳልባትዮው ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ጉብታ ስትወርድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ውስጡም ክፍልፋይ ይኑረው፤ አለዚያ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ናፍታው ወደ ፊት እየተላተመ ይገፋሃል። አየር መውጫውንም ከፍ አድርገን እንሰራዋለን፤ ወንዝ ስታቋርጥ ውሃ እንዳይጠጣ።”

ባለቤቴ ሒሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። “አንተ ሁለት ሳልባትዮ አስገጥም፤ እኔ ያለኝ ፊኛ አንድ ነው።”

እውነቷን ነው። መኪናው ሳይቆም አርባ ምንጭን አልፎ ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ግን ቡታጅራን ክትፎ ሳይቀምስ፣ ሶዶን ቡና ሳይጠጣ አያልፍም። የሳልባትዮ ልክ የሚወሰነው በጉዞው ርዝመት ሳይሆን በሁለት የታመኑ ማደያዎች መካከል ባለው ርቀት ነው፤ በዚያ ላይ መንገድ ቢዘጋ ለመመለሻ የሚሆን ይጨመራል። በዚህ ስሌት 60 ሊትር በቃኝ። ከዋናው ጋር ሲደመር 1,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም 50 ኪሎ።

ኬላ ላይ ግን የ60 ሊትሩም ማብራሪያ አልቀረልኝም። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ናፍታ።”

“ያኛውስ?”

“እሱም ናፍታ።”

ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ኮንትሮባንድ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለሞተር ሳይክሌ አምስት ሊትር አታጣም፣ ወንድሜ?” አለኝ።

“ሞተር ሳይክል በናፍታ አይሄድም” ብዬ ተገላገልኩ። አማቼ ግን የሚነዳው የናፍታ መኪና ነው።