እንኳን ለየካቲት 29 ቆጠራ አደረሳችሁ

የመሥሪያ ቤታችንን የሥርዓተ ፆታ ሪፖርት የሚያጠናቅረው ባልደረባችን እጁ ይባረክ። ባለፈው የሴቶች ቀን፣ የካቲት 29 (ማርች 8)፣ ድፎ ዳቦ ተሸክሜ ስገባ በር ላይ ቆሞ ስሜን ጻፈ፤ «ተሳታፊ» አለ። ዳቦውን አስቀምጬ ቄጤማ ልጎዘጉዝ ሳጎነብስ መጥቶ ደገመኝ፤ «አሁን ደግሞ አስተባባሪ ነሽ።» ረከቦቱ ጋ ስቀመጥ ሦስተኛ ተራ ያዝኩ፤ «በኢኮኖሚ ተጠቃሚ» በሚለው ሥር። ቡናውን በራሴ ገንዘብ ስለገዛሁት ይመስለኛል።

መድረኩ ላይ አራት ወንዶች ተደርድረዋል። «ሴት እህቶቻችንን ማብቃት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም» የሚለው ንግግር ከአቦል ጀምሮ በረካው ተቀድቶ ሲያልቅም አላለቀም። እኛ ከሲኒው ጋር ስለነበርን ግማሹ አመለጠን። ግድ የለም፣ ተቆጥረናል።

ቆጠራው የሠራውን ተአምር ልንገራችሁ። አንዷ ሴት ሦስት ጊዜ ስትመዘገብ የሴቶች ተሳትፎ 112 ከመቶ ሆነ። እቅድ ክፍል በደስታ ሰከረ፤ ለዘንድሮ 150 ተብሏል። ይህን ለማሳካት በፊት በር የገባች ሴት በጓሮ ወጥታ፣ ነጠላዋን ገልብጣ፣ ድጋሚ በፊት በር ብትገባ መልካም ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ባለፈች ቁጥር «ግንዛቤ የተፈጠረላት» ተብላ ትመዝገብ፤ በቀን ስንቴ እንደምታልፍ ታውቃላችሁ። ነፍሰ ጡር እንደ ሁለት ትያዝ፣ አልትራሳውንዱ ሴት ካለ። ከተጓደለ ጀበናዋም አለች። ሆድ አላት፣ አንገት አላት፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ተጥዳ ሰው ስታጠጣ ትውላለች፤ በምስጋና ጊዜ ደግሞ ለማንም ትዝ አትልም። መሥሪያ ቤታችን ከአንዲት ሴት ከዚህ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም። በዚህ ከገፋን ወንዶቹ በቁጥር ተመናምነው ልዩ ድጋፍ ይደረግልን ማለታቸው አይቀርም። ድጋፉ ከወዲሁ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ የመድረኩ ወንበሮች በሙሉ።

ቲሸርቱም ደርሶናል። ልኩ አንድ ነው፣ ለድንኳንም ይሆናል።

የሴቶች አመራር ሥልጠና ቢሾፍቱ ሲሰጥ ደግሞ አለቆቻችን ራሳቸው ሄዱልን። ሆቴሉ ሐይቅ ዳር ስለሆነ እንዳንሰጥም ሰግተው ነው። አበሉንም እነሱው ተሸከሙት።

በወረቀት በኩልማ ምን ጎደለን? የሴቶች ጉዳይ ብሔራዊ ፖሊሲ በ1985 ወጣ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ን እንዳለ ለእኛ ሰጠ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልን ከትዳር አለቅነት አወረደው፤ በጥቅምት 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሆነ። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፣ ለአንዳንዱ የታገሉትን ሴቶች አከብራለሁ። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ወልዳ ወደ ሥራ ለምትመለስ እናት መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅ አዘዘ።

ማቆያ አለን። ሪባን ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ ግድግዳው ላይ ጥንቸልና ዳክዬ ተሥሎበታል። ሪፖርቱ ላይ «ተቋቁሟል» በሚለው ፊት የራይት ምልክት አለው። አሁን በውስጡ የሚቆዩት ያለፉት ዓመታት የማርች 8 ባነሮች፣ የተረፉ ቲሸርቶች ካርቶንና እግሩ የተሰበረ የፕሮጀክተር መቆሚያ ናቸው። «ሴቶችን እናብቃ» የሚለው ባነር በሕፃን አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም፣ ዳይፐር አይፈልግም፤ እንዲህ ያለ ሕፃን እየተገኘ የሰው ልጅ ማን ያስገባል? ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል ደግሞ ያለ ደብዳቤ አይከፍትም።

ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ባልደረባዬ ጡቷ ሲያግት መጸዳጃ ቤት ትገባለች። መቀርቀሪያው ስለማይሠራ በሩን በእግሯ ደግፋ፣ ወተቱን በእጇ እያለበች የእጅ መታጠቢያው ላይ ትደፋዋለች። ልጇ ቤት ውስጥ ጡጦ ይጠባል። ይሄ ነውር ነው፤ ነውሩም የእሷ አይደለም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ዘንድሮ ዳቦ አልጋግርም፣ ቡናም አላፈላም፤ ከሪፖርቱ ሦስት ሰው ይቀነስ። ባነሮቹን እርስዎ ቢሮ ያስገቧቸው፣ ቦታው ሰፊ ነው። ለንብረት ክፍል የሚጻፈው ደብዳቤ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ዛሬ ይፈርሙት፤ የካቲት 29ን አይጠብቁ።