የእናቴ ደረጃ 75

ምክር የሚሰጥ ሰው ራሱ የደረሰ መሆን አለበት ይባላል። እኔ አልደረስኩም። መንገዱን ግን አስልቼዋለሁ፤ ስሌቱን የጻፍኩበት ባለ 50 ቅጠል ደብተርም ፍራሼ ሥር አለ። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ኑኑ ቁምባም ሁን ነቀምቴ፣ ጊምቢም ሁን ሻምቡ፣ በኦንላይን ጌም ሙያህን 99 ለማድረስ ካሰብክ ቀረብ ብለህ አድምጠኝ። መብራት ካለ አስቀድመህ ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰካ።

ጌሙ ሩንስኬፕ ይባላል። የእንግሊዞች ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ ባለቤቱ ጃጌክስ የተባለ የካምብሪጅ ኩባንያ ነው። የድሮ መልኩን የጠበቀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በስልክም ይጫወቱታል፤ የምነግርህ ስለዚህኛው ነው። አንድ ሰውዬ ይሰጡሃል፣ አንተ ሙያ ታስተምረዋለህ። ከአንዱ በቀር እያንዳንዱ ሙያ ከ1 ይጀምራል፤ ሁሉም 99 ላይ ያበቃል። ሳትከፍል የምታገኛቸው 15 ሙያዎች ናቸው፤ ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳነበው እውነቱን ልንገርህ፣ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እንጨት መቁረጥ! እሳት ማንደድ! ምግብ ማብሰል! ዓሣ ማጥመድ፣ ማዕድን መቆፈር፣ ብረት መቀጥቀጥ! የለንደን ልጅ ይህን ሁሉ ከዜሮ ይማረዋል። የኑኑ ልጅ ግን ጡት ሳይጥል ነው የጀመረው። ዓለም በመጨረሻ እኛ የምንችለውን ጨዋታ አመጣች ብዬ ነበር።

ተሳስቻለሁ። አንተም እንዳትሳሳት። አባትህ ባሕር ዛፍ ሲጥል «ዞር በል!» እየተባልክ ብታድግም፣ መዳፍህ ላይ የመጥረቢያ እጀታ ያወጣው ጠባሳ ቢኖርም፣ ጌሙ የሚያውቅህ በደረጃ 1 ነው። የነሐስ መጥረቢያ ይሰጥሃል፤ በነሐስ ትጀምራለህ። መዳፍህን አያይም። ቁጥር የሌለው ሙያ ሙያ አይደለም፤ ይህን የመጀመሪያ ቁም ነገር ደብተርህ ላይ ጻፈው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ከደረጃ 1 ወደ 2 ለመውጣት 83 ነጥብ ይበቃል፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድሞ ያልቃል። ይህ ማባበያ ነው። በየሰባት ደረጃው የሚፈለገው ነጥብ እጥፍ ገደማ እየሆነ ይሄድና 99 ላይ ስትደርስ 13,034,431 ይሆናል። ደረጃ 92 የደረሰ ሰው «ሰባት ብቻ ቀረኝ» ብሎ ለጓደኞቹ ሲያወራ ብትሰማ አታምርርበት፤ በነጥብ ሲቆጠር ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

እንጨት ቆራጮች የሚወዱት ዛፍ አኻያ ነው። እኛ ወንዝ ዳር የምናውቀው አኻያ ዘመድ መሆኑ ነው፤ እዚያም ውኃ ዳር ነው የሚበቅለው። ደረጃ 30 ሲሞላህ ይፈቀድልሃል፤ አንዱ ግንድ 67.5 ነጥብ ያስገኛል። ከዜሮ እስከ 99 በአኻያ ብቻ ብትሄድ 193,000 ግንድ ገደማ ነው። ቦርሳህ 28 ይይዛል። 193,000ን ለ28 አካፍለው፤ ወደ 6,900 ቦርሳ ይመጣል። በየጊዜው ወደ ባንክ ተሸክሞ መመላለስ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የሠለጠኑት ምን ያደርጋሉ? ቆርጠው ቆርጠው ቦርሳው ሲሞላ ሁሉንም እዚያው መሬት ላይ ይጥሉታል። መቁረጥ እንጂ እንጨቱ አያስፈልግም። የወደቀው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል።

ይህን ዘዴ ለእናቴ አስረዳኋት። የሠለጠነው ዓለም እንጨት የሚቆርጠው ለመጣል ነው አልኳት። ከመቁላያው ቀና ሳትል፣ ኑኑም መሬት ላይ የተጣለ እንጨት ይጠፋል፣ ጎረቤት ይወስደዋል አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ «ቆራኑስ የታለ?» አለች። በኦሮምኛ ማገዶ ማለቷ ነው። አንባቢዬ፣ በሥልጠና ሰዓት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ አንድ ነው፦ «እየቆረጥኩ ነው፣ አዮ።» ውሸት አይደለም።

እሳት ማንደድ ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። ሰውዬህ አንዱን ግንድ ያነድና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል፤ ሌላውን ያነዳል፣ ደግሞ ፈቀቅ። ወደ ኋላ ብታይ መንገዱ ሙሉ እሳት ተሰልፏል። የሚሞቀው የለም፣ የሚጣድበት የለም፣ ቡና የሚፈላበት የለም። ክረምትም የለም። ሐምሌ ላይ ኑኑ ውስጥ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለማቀጣጠል ዓይኑ የቀላ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው ቅናት ተገቢ ነው፤ ግን ይዋጠው። እኛ ጋ ከረመጥ ላይ እፍ እፍ ብሎ ማስነሣት፣ ጭሱን በአንድ ዓይን አሳልፎ በሌላው ወጡን መጠበቅ ነጥብ የለውም።

ነው ወይስ አለው? አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬም ሲሞት፣ የእናቴን ደረጃ በሻማ ላሰላ ተቀመጥኩ። እናቴ ቢያንስ 30 ዓመት በቀን ሦስት ጊዜ እሳት አንድዳለች። የሚከበረውን የሠርግና የተዝካር እሳት ትቼዋለሁ፤ ለጋስ መሆን አልፈለግሁም። 3 ሲባዛ በ365፣ ሲባዛ በ30፤ 32,850 እሳት። ተራ እንጨት ማንደድ በጌሙ 40 ነጥብ ነው። 1,314,000 ሆነ። ሠንጠረዡን አወጣሁ፦ ደረጃ 75 የሚጀምረው 1,210,421 ላይ፣ 76 ደግሞ 1,336,443 ላይ ነው። እናቴ 75 ናት።

ሁለት ጊዜ ደግሜ አሰላሁ። ሠላሳ ዓመት! አንድ የማንቸስተር ወጣት ከአልጋው ሳይነሣ በጥቂት ወራት ያልፋታል። ስነግራት አላዘነችም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አሳዘነኝ። ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግላት ጠየቀችኝ። 99 ሲሆን ልዩ ካባ ይለበሳል አልኳት። ነጠላ አላት፣ ጋቢ አላት፤ አልተማረከችም።

ምግብ ማብሰልን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አታቃጥል። በጌሙ የተቃጠለ ምግብ ነጥብ የለውም፤ ሎብስተር የሚሉትን የባሕር አውሬ ማቃጠል የምታቆመው ደረጃ 74 ላይ ነው። እስከዚያ የምታሳርረውን ቁጠርና በዕቅድህ ያዝ። ስለ አንጮቴ አትጠይቀኝ። አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትክቶ፣ በንጥር ቅቤ ሲታሽ ስንት ነጥብ እንደሚሆን እንግሊዞቹ ባለማወቃቸው አልመዘገቡትም።

ቀጥለን ወደ ጊዜ አጠቃቀም እንለፍ። የጌሙ ልብ በየ0.6 ሴኮንዱ አንዴ ትመታለች፤ ሁሉም ነገር የሚሆነው በዚያች ምት ላይ ነው። ጥንቁቆቹ ተጫዋቾች ጣታቸውን ከምቷ ጋር ያጣጥማሉ፤ በሰዓት 6,000 ምት አለና አንዷ ብታመልጥ ይቆጫቸዋል። አንተም ተቆጭ፤ ግን በኑኑ ኔትወርክ ላይ ሆነህ እንደማይሆን እወቅ። የእኛ ኔትወርክ የራሱ ምት አለው፤ አንዳንዴ በየ0.6 ደቂቃው፣ አንዳንዴ በየ0.6 ቀኑ። ነቀምቴ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዘመድ ካለህ ለዋይፋዩ ስትል ጠይቀው፤ ናፍቀኸኝ ነው በለው። የቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ ብዙ እጅ የማይፈልግ ሙያ ምረጥ፤ ቀይ እሸት ቡና አይጠብቅምና አባትህ ስልክህን አይጠብቅልህም። እኔ ባለፈው ኅዳር አኻያውን አስይዤ ሰውዬዬን ዛፉ ሥር ትቼው ወደ ማሳ ወረድኩ። አጠገቤ የምትለቅመው ጎረቤታችን ቅርንጫፉን በግራ እጇ ጎንበስ አድርጋ፣ በቀኟ ቀዩን ብቻ እየመረጠች፣ አረንጓዴውን ሳትነካ፣ እኔ አንድ ቅርጫት ሳልሞላ ሦስተኛውን ታወርዳለች። አንዲት የባከነች እንቅስቃሴ የላትም። ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሆነች ጠየቅኋት፤ አታውቀውም። የዚህ ዓይነት ችሎታ ያለ ሠንጠረዥ ሲባክን ማየት ያማል።

አጎትህ መጥቶ «ገንዘብ አለው ወይ?» ቢልህ አትደንግጥ። ቬኔዝዌላ ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ብዙ ሰዎች በዚሁ ጌም የተሰበሰበ ወርቅ ለሌሎች እየሸጡ የዕለት ምግብ ገዝተውበታል በለው። ሽያጩ በጌሙ ሕግ የተከለከለ መሆኑን አትንገረው። አጎት ዝርዝር አይወድም።

ኮምፒውተር ላለው፣ በተለይም ኔትወርክ ለከዳው ሰው፣ እውነተኛው መድኃኒት ግን ሌላ ጌም ነው። ኢቭ ኦንላይን ይባላል፤ የአይስላንዱ ሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣው። የሕዋ መርከብ ነጂ ትሆናለህ። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሙያው የሚሠለጥነው በጊዜ ነው። ሙያውን ወረፋ ላይ ታስይዝና ትተኛለህ፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ አንተ ማሳ ብትወርድ ሰውዬህ ይማራል። በደቂቃ የሚያገኘው ነጥብ የዋናው ተሰጥኦ ቁጥርና የረዳቱ ግማሽ ድምር ነው። ዋናው 27፣ ረዳቱ 21 ከሆነ በደቂቃ 37.5 ነጥብ። ቀላሉ ሙያ ከ4ኛ ወደ 5ኛ ደረጃ ለመውጣት አራት ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ታይታን የሚሉትን ግዙፍ መርከብ መንዳት ግን ከ4ኛ ወደ 5ኛ ደረጃ ለመውጣት 62 ቀን ይወስዳል። ይህ የሚከፍል ሰው ፍጥነት ነው፤ በነጻ የሚጫወት በግማሹ ይሄዳል።

ወረፋው ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሙያ ሲያልቅ ሌላውን በእጅ ማስጀመር ግድ ስለነበር፣ ሰው ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ማንቂያ ደውሎለት ይነሣ ነበር። ከዚያም የሚብስ ነበር፦ ሌሎች ሙያዎችን ቶሎ ለመማር የሚያስችሉ የመማር ሙያዎች ነበሩ። አዲስ ተጫዋች መርከብ ሳይነዳ ሳምንታት መማርን ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ አስወገዷቸው። እኔ እንኳ እነዚህን የመማር ሙያዎች ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ የጥናት ፕሮግራም በአራት ቀለም እስክሪብቶ እያሰመርኩ፣ ግድግዳ ላይ እየለጠፍኩ፣ ቀለሙ አላማረኝም ብዬ ደግሜ እያሰመርኩ ሁለት ወር የጨረስኩ ሰው ነኝ። ይህ ሙያ በውስጤ አለ።

ረጅሙን ሙያ መቼ እንደምታስይዝ ማወቅ ነው እንግዲህ ዋናው ጥበብ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥር መጀመሪያ ላይ በብዙ የወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ወር ሊሞላ ሲቃረብ፣ በመጋቢት ማብቂያ ነው የተመለሰው። ያኔ ሰው እናቱን ማግኘት አቅቶት ሲጨነቅ፣ አስቀድሞ ታይታኑን ያስያዘ ተጫዋች ቢኖር ኔትወርኩ ሲመለስ ጨርሶ፣ ሌላ ሃያ ምናምን ቀን ተርፎት ያገኘው ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ያስያዝኩት የአራት ቀኑን ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል ብዬ ለሰው ስናገር፣ ይበልጥ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር እንዳለ ያውቁብኛል መሰለኝ ዝም ይሉኛል።

የመብራቱን ነገር ካነሣን፣ የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ ያለውም እዚሁ ወለጋ፣ ሆሮ ጉዱሩ ነው። ውኃው ጎረቤታችን፣ ተርባይኑ ጎረቤታችን፣ ሻማው የኛ። ዕቅድህን ስታወጣ ጎረቤት እንደማያበድር አስብ።

የቀረውን ደብተሬ ላይ ታገኘዋለህ፤ አሁን መሄድ አለብኝ። እናቴ ትናንት ማታ ድንገት ስለ ደረጃዋ ጠየቀችኝ፤ 76 ለመድረስ ምን እንደሚቀራት። አሰላሁላት፦ 22,443 ነጥብ፣ ማለትም 562 እሳት፤ በቀን ሦስት ከሆነ ስድስት ወር ከሳምንት። ጥሩ ነው አለች፣ ትቀጥላለች። አንዱ እሳት አንድ ፍልጥ ይፈልጋል አይደል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። 562 ፍልጥ የምፈልጠው እኔ ነኝ፤ አኻያም አይደለም፣ ባሕር ዛፍ ነው።